ስም የተጠለፈበት ትራስ

የካ ውስጥ የሺሃረግን የማያውቅ ሰው ቢኖር ሶፋ የሌለው ሰው ነው። ሶፋ የገዛ ሁሉ፣ ዕቃው ገና ከጋሪ ሳይወርድ፣ «በሉ የሺ ጋ ሄደን ልብስ እናሰፋለት» ይል ነበር። ያኔ እኮ፣ በደርግ ጊዜ፣ ቤት ውስጥ ዕቃ ራቁቱን አይቀመጥም። ሶፋው ልብስ አለው፣ ጠረጴዛው ልብስ አለው፣ ሬዲዮው ሳይቀር ጥልፍ ለብሶ ነበር የማታውን ዜና የሚያወራው። የሺ ደግሞ ሙያዋ ጥልፍ ብቻ አልነበረም። ከልብስ ሰፊዎች ደጃፍ የተረፈ ቁርጥራጭ ትለቅማለች። ቀዩን አበባ፣ አረንጓዴውን ቅጠል፣ ወርቃማውን የዶሮ ላባ አድርጋ በመቀስ ታወጣዋለች፤ ጨርቅ ላይ ትለጥፈውና በክብ እንጨት ወጥራ ዙሪያውን በማሽን ጥቅጥቅ አድርጋ ትጠልፈዋለች። ሲያልቅ ምን ልበላችሁ፣ የሷን አውራ ዶሮ ያየ ሰው እጁን ሰዶ ሳይነካው አይሄድም ነበር።

ቤቷ ከየካ ሚካኤል ከፍ ብሎ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ከሚጀምርበት ዳገት ሥር ነው፤ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት። ከጎረቤቷ ከበለጡ የሚለያት አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። በለጡ የሰፈሩ ልጅ ናት፤ አባቷም አያቷም እዚያው ሚካኤል ያስቀደሱ፣ እዚያው የተቀበሩ። ሙያውን ያስተማረቻት የሺ ናት። ባሏ ሞቶባት በሯን ዘግታ ስታለቅስ ግድግዳውን ደብድባ «በይ ተነሺ፣ ነይና ማሽን ላሳይሽ» ያለቻት እሷው ናት። አስተማሪነቷ ደግሞ የጉድ ነው! በዓይን አይደለም፣ በጆሮ ነው የምታስተምረው። «ጆሮሽን ስጪው» ትላታለች። «ጥልፍ የሚጠልፍ ማሽን ሄድ ይላል፣ ቆም ይላል፣ ዞር ይላል። ዝም ብሎ የሚንደቀደቅ ማሽን ከሰማሽ ወይ መጋረጃ እየተሰፋ ነው፣ ወይ የሰፊዋ ቀልብ ሌላ ቦታ ነው።» በለጡ ስቃ ስቃ ያዘችው፤ ከዚያ ወዲህ የየሺን ሥራ ግድግዳው ማዶ ሆና በጆሮዋ መከታተል ትችል ነበር።

እንግዲህ ይቺው የሺ፣ ራሷ ያስተማረችውን ረስታ፣ በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ ማሽኗን ዝም ብላ ታንደቀድቀው ነበር። ነገሩ ጸሎት ነው። ባሏ ኃይሉ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት የግምጃ ቤት ሠራተኛ፣ ጌታን አግኝቶ እሷንም ወደዚያው ያመጣት ከአብዮቱ በፊት ነበር። ኋላ የጸሎት ቤቶቹ ሲታሸጉ፣ ጴንጤ የተባለ ሁሉ «መጤ» እየተባለ መያዝ ሲጀምር፣ አምስት ስድስት ሆነው የሶፋ ልብስ ሊያሰፉ የመጡ እየመሰሉ እነየሺ ቤት መሰብሰብ ጀመሩ። አንዱ ሲጸልይ የሺ ክሩን ከመርፌው ታወጣና ማሽኑን ባዶውን ትነዳዋለች። የጸላዩ ድምፅ ከፍ ሲል የሷም እግር ይፈጥናል። በደጅ የሚያልፍ ሰው «ይቺ ሴትዮ ሥራ አይሰለቻትም» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል።

ኃይሉ ጥሩ ባል ነበር፣ ይሄን መካድ አይቻልም። በዓል ሲደርስና ትዕዛዝ ሲደራረብባት አጠገቧ ቁጭ ብሎ የትራሶቹን አፍ በእጁ ይሰፋላታል። ግራኝ ስለሆነ ስፌቱ ሁሉ ወደ ተቃራኒው ያጋድላል። «የሰው ስፌት ወደ ቤቱ ሲሄድ ያንተ ወደ ሱሉልታ ይሄዳል» እያለች ትስቅበታለች፤ እሱም አብሯት ይስቃል። ልጅ አልወለዱም። በዚህ ምክንያት አንድ ቀን እንኳ ክፉ ቃል ተነጋግረው አያውቁም።

ከሚሰበሰቡት መካከል አንዱ ኢታና ነው። ከወለጋ መጥቶ ኮተቤ የመምህራን ኮሌጅ የሚማር፣ ቀጭን፣ አንገቱን ደፊ ልጅ። ዝምተኛ ነው እንጂ ለጸሎት ሲቆም ሌላ ሰው ይሆናል። እሱ ከመምጣቱ በፊት ጸሎቱን የሚመራው ኃይሉ ነበር፤ ከመጣ ወዲህ ግን ሰዉ ሁሉ «ወንድም ኢታና ይምራን» ማለት ለመደ። የሺም አንድ ቀን ነገሬ ሳትል ለባሏ «ይህ ልጅ ሲጸልይ እኮ እግሬ ፔዳሉን ይረሳል» አለችው። ኃይሉ ፈገግ አለ። ኢታና ቅዳሜ ምሳውን እነሱ ጋ ይበላል፣ ውኃ ይቀዳላታል፣ እንጨት ይፈልጥላታል። የሺ «ልጄ» ነው የምትለው፤ ስትለውም ከአንጀቷ ነው።

አባቱ የሰጠው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ነበረው። ኮሌጅ ግቢ ሊያስቀምጠው አይሞክርም። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ መጽሐፍ የተገኘበት ሰው «ጠባብ ብሔርተኛ» ተብሎ ደብዛው ሊጠፋ ይችላል፤ ጴንጤነት ሲጨመርበት ደግሞ ለይቶለት። ስለዚህ የሺ ከራሷ ሶፋ ላይ፣ አውራ ዶሮ የተለጠፈበት ትራስ ውስጥ ሸሸገችለት። ጥጡን ዙሪያውን ጠቅጥቃ አፉን ትሰፋዋለች፤ ቅዳሜ ጸሎቱ አብቅቶ ሌላው ሰው ሲሄድ ተርትራ ታወጣና አንብበው ሲጨርሱ መልሳ ትሰፋዋለች። መጽሐፉ የት እንዳለ የሚያውቁት እሷ፣ ባሏና ኢታና ብቻ ነበሩ።

ኢታና ጫልቱን ሊያገባ ቀን ተቆረጠ። ጫልቱ ሾላ ገበያ ከአክስቷ ጋር ቅመም የምትሸጥ፣ ከነሱው ጋር የምትጸልይ ልጅ ናት። ያኔ አዲስ ሙሽሮች ቤት ሲገቡ ስማቸው የተጠለፈበት ጥንድ ትራስ ይሰጣቸዋል፤ እሱ ያልተሰጠው ሙሽራ ቤት ባዶ ነው የሚመስለው። የሺ ይሄንን ለማንም አልተወችም። ሰማያዊ ሳቲን ገዝታ፣ በነጭ ጨርቅ ሁለት ወፍ ቆርጣ ለጥፋ፣ በአንደኛው «ኢታና»፣ በሁለተኛው «ጫልቱ» ብላ በወርቃማ ክር ጠለፈች። ሠርጉ እስኪደርስ ሶፋዋ ላይ ከአውራ ዶሮው ጎን ደርድራ፣ ለመጣ ለሄደው «የልጄ ነው፣ የልጄ ነው» እያለች ታሳይ ነበር። ምነው ባላሳየች! ግን ደስታ ነው፣ ማን ይከለክላታል?

በዚያው ሰሞን፣ በአንዱ ቅዳሜ፣ ጸሎቱ ገና ተጀምሮ የሺ ማሽኗን ስትነዳ በሩ በእርግጫ ተበረገደ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ገረሱ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ ገባ።

«ምንድነው ስብሰባው?»

«ደንበኞቼ ናቸው» አለች የሺ፣ እግሯ ፔዳሉ ላይ እንደ ደረቀ።

ገረሱ አልጋ አላገላበጠም፣ ሳጥን አልከፈተም። ቀጥ ብሎ ወደ ሶፋው ሄደ። አውራ ዶሮውን በእጁ ገፋ አደረገና ሰማያዊውን ትራስ አነሳ። የተጠለፈውን ስም ፊደል እየቆጠረ አነበበው።

«ኢ... ታ... ና። ኢታና ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ኢታና። መዋሸት የማያውቅበት ልጅ!

አንደኛው ጥበቃ ትራሱን ተቀብሎ በሳንጃ ከወፉ ሆድ ጀምሮ ሰነጠቀው። ጥጡ ተዘረገፈ፤ ከጥጡ ጋር መጽሐፉ ወለሉ ላይ ዱብ አለ። ገረሱ አንስቶ ገለጥ ገለጥ አደረገና «በኦሮምኛ! ጴንጤም ጠባብም ሆንክልን?» አለ።

የሺ ዓይኗን ማመን አቃታት። ያ መጽሐፍ አውራ ዶሮው ውስጥ ነበር! በእጇ ከትታው፣ በእጇ ሰፍታዋለች። «ኧረ መጽሐፉ እኮ የ...» ብላ አፏን ስትከፍት ኃይሉ ክንዷን ጭምቅ አደረገና ከፊቷ ቆመ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እኛ የሰው ዕቃ ሰፍተን የምናስረክብ ነን። ባለቤቱ ውስጡ ምን እንደሚያስገባ በምን እናውቃለን?»

ኢታና ቀና ብሎ ኃይሉን አየው፤ ረጅም አስተያየት ነበር። ከዚያ የሺን አየና አንገቱን ደፋ። «እውነት ነው» አለ። «እነሱ የሚያውቁት ነገር የለም።»

ይዘውት ወጡ። ሌላውን ሰው ዘልፈው፣ ዳግመኛ ተሰብስባችሁ ብናገኝ ብለው ዝተው ለቀቁት። ጫልቱ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ መሬቱን በመዳፏ ትመታ ነበር። የሺ ባሏ ደረት ላይ ወድቃ «አንተ ባትኖር ሁላችንም አልቀን ነበር» አለችው። እግዜር ያሳያችሁ፣ አመሰገነችው እኮ!

በማግሥቱ የሺ እህል አልቀምስ አለች። «ማነው የነገረብን? ማነው መጽሐፉን ያዛወረው?» ትላለች፤ እንደገና «ማነው?» ትላለች። ኃይሉ ሻዩን እያማሰለ «እኔ የሰው ስም ማንሳት አልወድም» አለ። «ብቻ ግድግዳችን የጭቃ ነው።»

«በለጡ?» አለች የሺ ክው ብላ።

«በለጡ አላልኩም። አርብ ዕለት ወፍጮ ቤት ስትሄጂ ቤቱን ማን ነበር የጠበቀልሽ?»

በለጡ ነበረች። የሺ ይሄኔ ነገር እየሰካች መሄድ ጀመረች። በለጡ የማሽኑን ድምፅ ታውቃለች፤ ባዶውን ሲሄድ ሳትሰማ አትቀርም። ያ አውራ ዶሮ በየሳምንቱ አፉ እንደ አዲስ ሲሰፋም አይታለች፤ «ምነው ይሄ ትራስ ሁልጊዜ ይተረተራል?» ብላ ጠይቃትም ታውቃለች። ሃይማኖቷም ሌላ ነው። እሷ ነች፣ አለቀ! አይ የሺ፣ አይ አለመታደል! ያንን ሁሉ ነገር እየገጣጠመች ከአጠገቧ ሻይ የሚያማስለውን እጅ ቀና ብላ አላየችውም። ለነገሩ የገዛ ባሉን ማን ይጠረጥራል?

ረቡዕ ዕለት ሾላ ገበያ፣ ሽንኩርት ተራ ላይ ተገናኙ። በለጡ ገና «የሺዬ፣ ልጁን ሰማሁ፣ እኔ ልሰበርልሽ» ስትል የሺ ዓይኗ ደም ለበሰ።

«አንቺ ጆሮ ጠቢ! ልጄን በልተሽ ደግሞ ታለቃቅሽልኛለሽ?»

ገበያተኛው ቀጥ አለ። በለጡ ዘንቢሏን መሬት አስቀመጠች።

«እኔ? እኔን ነው ጆሮ ጠቢ ያልሽው? ማሽንሽ ባዶውን እንደሚሄድ ትናንት የሰማሁት መሰለሽ? ከጀመራችሁ ጀምሮ ነው የምሰማው! ቅዳሜ ቅዳሜ የራሴን ማሽን የምነዳው ሥራ በዝቶብኝ ነው? የናንተ ጩኸት ካንቺ ማሽን በላይ እየወጣ፣ መንገደኛ እንዳይሰማባችሁ ብዬ እግሬ እስኪዝል የምነዳው ለማን ነበር?»

«አሁን ደግሞ ውለታ ፈጠርሽልኝ!» አለችና የሺ ምራቋን እግሯ ሥር እንትፍ አደረገችው። «ዓይንሽን አያሳየኝ!»

በለጡ ዘንቢሏን አንስታ በሰዉ መሐል ሄደች። ከዚያ ወዲህ በየሺ ደጅ እንዳታልፍ ብላ በላይኛው የባሕር ዛፍ መንገድ ዞራ ነበር ቤቷ የምትገባው።

ኢታናን ከፍተኛው፣ ከቀበሌ በላይ ያለው ጽሕፈት ቤት፣ እስር ቤት አስገብተውታል ተባለ። ጫልቱ በየቀኑ ስንቅ ይዛ ትሄዳለች፤ ሰሃኑ ባዶውን ይመለሳል፤ መኖሩን የሚያውቁት በዚያ ብቻ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት ጫልቱ ፊቷ ጠቁሮ መጣች።

«እትዬ የሺ፣ ሲሚንቶ ላይ ነው አሉ የሚተኛው። ያ ትራስ አለ? ብትጠግኚልኝ ላስገባለት ነበር።»

ትራሱ ከዚያች ቅዳሜ ጀምሮ ጥግ ላይ እንደ ተጣለ ነበር። የሺ ልታየው አትፈልግም፤ ለልጇ ከሆነ ግን ምን ታደርጋለች? «ለነገ አደርስልሻለሁ» ብላ ሸኘቻትና መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። ሳንጃው በሰነጠቀው ላይ ነጭ ጨርቅ ለጥፋ በጥልፍ ልትሸፍነው አሰበች። ለዚህ መጀመሪያ የቀረውን ጥጥ በትራሱ አፍ ማውጣት አለባት። ገለበጠችውና አፉን ልትተረትር መቀሱን አስጠጋች።

ስፌቱ ወደ ተቃራኒው ያጋድላል።

የሺ መጀመሪያ የተገላቢጦሽ የያዘችው መሰላት። አዞረችው። መልሳ አዞረችው። እነዚያን ሁለት ሰማያዊ ትራሶች ከወፉ እስከ አፉ ድረስ የሰፋችው ራሷ ናት፤ የልጄ ነው ብላ ማንንም አላስነካችም። ተነሥታ «ጫልቱ» የሚለውን አመጣች፤ እሱ የሷው የእጅ ስፌት ነው። ከዚያ አውራ ዶሮውን አነሳች። አፉን ገለጥ አድርጋ አየችው። እሱም ወደ ሱሉልታ ይሄዳል።

እዚያው መሬት ላይ ዘጭ አለች። እንግዲህ ሰው ሲካድ እንዲህ ነው ለካ የሚሆነው! መጀመሪያ እንባ አልመጣላትም፤ አፍረት ነው የመጣባት። ያቺን ቅዳሜ ደረቱ ላይ ወድቃ ያመሰገነችው ምስጋና ጆሮዋ ላይ ጮኸባት። በለጡ ሽንኩርት ተራ ላይ ዘንቢሏን አንስታ ስትሄድ ታየቻት። ከዚያ በኋላ ነው እሪ ያለችው።

ኃይሉ ከሥራ ሲገባ ሁለቱን ትራሶች ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ጠበቀችው። ስፌቱን በጣቷ አሳየችው። አየና ኮቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ።

«መሥሪያ ቤት ድረስ መጥተው ነው የጠሩኝ» አለ። «ሁሉንም ያውቃሉ የሺ፣ ቅዳሜውን፣ ማን ማን እንደሚመጣ። እኔንና አንቺን ሊወስዱን ነበር። አንድ ሰው ከነማስረጃው ስጠን፣ ሌላችሁን እንተዋለን አሉኝ። እሱ ልጅ እግር ነው፣ ቤት የለው፣ ትዳር የለው፤ ተግሣጽ ሰጥተው ይለቁታል ብዬ ነው።»

«ትዳር የለው? ሠርጉን እየጠበቀ የነበረ ልጅ?»

«ላንቺ ብዬ ነው ያደረግኩት!»

«ለኔ ብለህ የልጄን ስም መረጥክ?»

«ስሙን እኔ አልጠለፍኩትም» አለ ኃይሉ ድንገት ቆጣ ብሎ። «አንቺ ነሽ በወርቅ ክር ጽፈሽ ሶፋ ላይ የደረደርሽው። እኔ ያደረግኩት ካንዱ ትራስ ወደ ሌላው ማዛወር ነው።»

የሺ ቀና ብላ አየችው። ከዚህ ሰው ጋር ነው ያን ሁሉ ዘመን በአንድ ራስጌ የተኛችው? «በለጡንስ?» አለችው። «እሷን ምን አድርጋህ ነው? አፌን ሞልቼ የሰደብኳት አንተን አምኜ እኮ ነው!»

«ባትጠረጥሪ ዝም ባልሽ ነበር። ደሞ አንቺስ? ያ ልጅ ከመጣ ወዲህ እኔን መቼ ሰማሽኝ? ‹እሱ ሲጸልይ እግሬ ፔዳሉን ይረሳል!› እኔ አስተምሬሽ፣ እኔ አምጥቼሽ...» ብሎ ጀመረና ዋጠው። ኋላ እንባው መጣ። ጉልበቷን ሊይዝ ሲል እግሯን ሰበሰበች።

«ነገ ቀበሌ እሄዳለሁ» አለችው። «መጽሐፉን የደበቅኩት እኔ ነኝ፣ ትራሱ የኔ ነው፣ ቤቱ የኔ ነው እላለሁ። እኔን ይሰሩኝና ልጁን ይፍቱት።»

«አታደርጊውም የሺ።»

«ታየኛለህ!»

ኃይሉ ብዙ አልተከራከራትም። ጠዋት ስትነሣ ቀድሟት ወጥቷል። የሺ ፊቷን ታጥባ፣ ደህናውን ቀሚሷን ለብሳ፣ ሰማያዊውን ትራስና አውራ ዶሮውን በብብቷ ይዛ ቁልቁል ወረደች። ፈርታለች፤ ግን የምትለውን በልቧ ስትደጋግም ትንሽ ቀለል አላት። ልጇ ዛሬ ወይ ነገ ይወጣል። ለጫልቱ ትራስ ሳይሆን እጮኛዋን ራሱን ነው የምትሰጣት።

ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ስትደርስ ገረሱ ከወንበሩ ተነሣ። ያ በእርግጫ በር የሚከፍት ሰው፣ ወንበር ሳበላት።

«ነይ ጓዲት የሺሃረግ፣ ተቀመጪ። ውኃ አምጡላት።»

«ውኃ አልፈልግም። ያ መጽሐፍ የኔ ነው። የደበቅኩት እኔ ነኝ። ኢታና የሚያውቀው ነገር የለም። እኔን እሰሩኝ።»

ገረሱና ጸሐፊው ተያዩ። ገረሱ ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ ለታመመ ሰው እንደሚያወሩት።

«ባልሽ ጠዋት መጥቶ ሁሉንም ነግሮናል እህቴ። ልጅ ሳትወልጂ መቅረትሽ ምን ያህል እንደ ጎዳሽ፣ ያንን ተማሪ እንደ ወለድሽው አድርገሽ እንደምትቆጥሪው፣ ከታሰረ ወዲህ እንቅልፍ እንደሌለሽ። ሾላ ገበያ መሐል ጎረቤትሽን ያለ ነገሯ ሰድበሽ ሰው እንደተሰበሰበ እኛም ሰምተናል። ‹መጥታ የኔ ነው ትላለች፣ አትፍረዱባት› ብሎ አልቅሶ ነው የሄደው። እንዲህ ያለ ባል ይኑርሽ እንጂ!»

የሺ «ታሜ አይደለም! ጤነኛ ነኝ!» ብላ ትራሶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈቻቸው። «እዩት! ይሄን ስፌት እዩት! ወዴት ነው ያጋደለው? የኔ እንዲህ አይሄድም! ይሄ የግራ እጅ ነው! የግራ እጅ!»

ጸሐፊው ሳቁን ለመያዝ ወደ መስኮቱ ዞረ። ገረሱ ግን አልሳቀም፤ አዘነላት። የሺ ያንን ሐዘኔታ ፊቱ ላይ ስታይ ነው ነገሩ የገባት። ስትጮህም አበደች ነው፤ ዝም ስትልም ተሻላት ነው፤ እውነቱን ስትናገር ደግሞ ሕመሙ ባሰባት ሊባል ነው። ኃይሉ ልጇን ብቻ አልነበረም የሸጠው፤ አፏንም ቀድሞ ዘግቶት ሄዷል።

«በሉ ውጭ ባሏ እየጠበቃት ነው፣ አድርሷት» አለ ገረሱ።

ደጅ ስትወጣ ኃይሉ ነጠላዋን ክንዱ ላይ አድርጎ ቆሟል። ጫልቱም አጠገቡ አለች፤ የኢታናን ስንቅ ይዛ ወደ ከፍተኛው ስትሄድ ሰው «እትዬ የሺ ቀበሌ ገባች» ሲል ሰምታ እየሮጠች መምጣቷ ነው። የሺ እሷን ስታይ የቀራት አንድ ተስፋ ብቅ አለ፤ ሌላው ባያምናት ይቺ ታምናታለች።

«ጫልቱ! ልጄ፣ ስሚኝ! ኢታናን ያሳሰረው ይሄ ነው! መጽሐፉን ያዛወረው ይሄ ነው፣ በገዛ እጁ! ስፌቱን አይቼዋለሁ! በለጡ የለችበትም፣ ማንም የለበትም፣ እሱ ነው!»

ጫልቱ ወደ ኃይሉ ዞረች። ኃይሉ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ራሱን ቀስ ብሎ ነቀነቀ፤ «አየሽልኝ አይደል?» የሚል ነበር የሚመስለው። መንገደኛው ቆሟል። አንዲት ሴትዮ «ምስኪን ባሏ፣ እንዴት ይችለዋል» ስትል ተሰማ።

ጫልቱ ስንቁን መሬት አስቀመጠች። የሺን በሁለት እጇ አቅፋ ጉንጯን ከሳመቻት በኋላ በጆሮዋ፣ ሰው እንዳይሰማ፣ ቀስ ብላ ተናገረቻት።

«አይዞሽ እትዬ የሺ። ጋሼ ኃይሉ በጠዋት ዞሮ ነግሮናል፣ ሁላችንም እየጸለይንልሽ ነው። ጌታ ወደ ልብሽ ይመልስሽ።»

«አሜን» አለ ኃይሉ፣ ነጠላውን ትከሻዋ ላይ እያስተካከለላት።